ከፋይል ወደ ሥራ፦ በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪ ክበባት እንዴት እንደገና እንደተደራጁ

ጉዳዩ የተመዘገበበት ምክንያት

በአገራችን የተማሪ ክበብ የሌለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ፀረ ኤድስ፣ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ቀይ መስቀል፣ የሴት ተማሪዎች፣ የሳይንስና ሒሳብ፣ ሚኒ ሚዲያ እየተባሉ ስማቸው በየርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተዘርዝሮ ይታያል። በየዓመቱ መጀመሪያ ዕቅድ ይወጣላቸዋል፤ በየጊዜውም ሪፖርታቸው ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላካል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ በእርግጥ ሥራ እንደሚሠሩ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ሲጠየቅም የሚታየው ፋይሉ እንጂ ሥራው አይደለም።

ይህ ጽሑፍ በጉድኝት ማዕከል (ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶችን በአንድ በሚያስተባብር ማዕከል) ሱፐርቫይዘርነት በቅርብ የተከታተልኩትን የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ይመዘግባል። ትምህርት ቤቱ ክበባቱን ለአንድ ዓመት ያህል ሙሉ በሙሉ ዘግቶ፣ ቆይቶም በሌላ መልክ የከፈተ ነው። ውጤቱ በሁሉም ዘርፍ ያማረ ባይሆንም፣ ክበብ የሚዳከመው ተማሪው ፍላጎት ስለሌለው ነው የሚለውን የተለመደ ማብራሪያ በተጨባጭ የሚፈትሽ ሆኖ ስላገኘሁት በጽሑፍ መቆየት እንዳለበት አምኛለሁ። የትምህርት ቤቱ፣ የከተማዋና የሰዎቹ ስም ሆን ተብሎ አልተጠቀሰም።

የትምህርት ቤቱ ሁኔታ

ትምህርት ቤቱ በደቡብ የአገራችን ክፍል በምትገኝ አነስተኛ የወረዳ ከተማ ውስጥ ያለ ብቸኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምራል። የመማሪያ ክፍል ስለሚያንሰው የሚሠራው በሁለት ፈረቃ ነው። 9ኛና 10ኛ ክፍል በአንዱ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል በሌላው ፈረቃ ይማራሉ፤ ፈረቃውም በየጊዜው ይቀያየራል። የጧቱ ፈረቃ ከ2:00 እስከ 6:15፣ የከሰዓቱ ከ6:30 እስከ 10:45 ሲሆን፣ በየፈረቃው እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ የሚወስዱ 6 ክፍለ ጊዜዎች አሉ።

ከተማሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ናቸው። ቅርብ ያሉት በእግራቸው ይመላለሳሉ፤ ርቀው ያሉት ሁለት ሦስት ሆነው በከተማዋ አንድ ክፍል ቤት ይከራያሉ። እነዚህ ተማሪዎች የሳምንት ስንቃቸውን ይዘው የሚመጡት ከወላጆቻቸው ቤት ስለሆነ፣ ዓርብ ከትምህርት እንደወጡ ወደ ገጠር ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ማለዳ ይመለሳሉ። ይህ በአካባቢው ሁሉም ሰው የሚያውቀው የኑሮ ሥርዓት ቢሆንም፣ በትምህርት ቤቱ የክበብ ዕቅድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቦታ ያልተሰጠው ነገር ነበር።

መምህራኑም ቢሆኑ ብዙዎቹ የሌላ አካባቢ ተወላጆች ናቸው። ዝውውር በየዓመቱ አለ። አንድ የክበብ ተጠሪ መምህር ሥራውን በሚገባ ባወቀ ማግስት ሊሄድ እንደሚችል አስቀድሞ መታሰብ ነበረበት፤ አልታሰበም።

ችግሩ

በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ 14 ክበባት እንዳሉት ሪፖርት ያደርግ ነበር። ይህ ቁጥር በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ሥርጭት አገራዊ ሥጋት በሆነበት ወቅት ፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቋመ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ባሉት ዓመታት የፀረ ሙስና ክበብ ተጨመረ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ሲጀመር የአካባቢ ጥበቃ ክበብ እንደ አዲስ ተዋቀረ። እያንዳንዱ ክበብ ሲቋቋም በቂ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን አዲስ ክበብ በተጨመረ ቁጥር የትኛው ይቀነስ ወይም ከየትኛው ጋር ይዋሐድ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚህ መንገድ ሁሉን ለመያዝ የተዘጋጀ ዝርዝር ተፈጠረ፤ ዝርዝሩን የሚያንቀሳቅስ ጊዜና ሰው ግን አብሮ አልጨመረም።

ፋይሎቹን ስመለከት በመጀመሪያ ትኩረቴን የሳበው ቃለ ጉባኤያቸው ነው። የአንዱ ክበብ የመንፈቀ ዓመቱ ስብሰባዎች በሙሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ የእጅ ጽሑፍ የተጻፉ ነበሩ። የየስብሰባው ቀን ይለያያል፤ የተገኙት አባላት ብዛት፣ የአጀንዳው አደራደርና «በቀጣይ ግንዛቤ ማስጨበጥ እንዲቀጥል በመስማማት ስብሰባው ተጠናቋል» የሚለው መዝጊያ ግን አይለያይም። ይህን የማነሣው መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። በሳምንት ከ20 በላይ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ ደብተር የሚያርም፣ የክፍል ኃላፊነትና የተረኛነት ግዴታ ያለበት መምህር የሚገመገመው በፋይሉ ከሆነ፣ ያለችውን ትርፍ ጊዜ ፋይል ለማሟላት ቢጠቀምባት አያስደንቅም።

የአባላት ምዝገባውም ተመሳሳይ ጠባይ ነበረው። እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ የአንድ ክበብ አባል መሆን አለበት የሚል መመሪያ ስለነበር፣ የክፍል ኃላፊ መምህራን በስም መጥሪያው ቅደም ተከተል ያከፋፍሉ ነበር፤ ከ1 እስከ 5 ያሉት ፀረ ኤድስ፣ ከ6 እስከ 10 ያሉት አካባቢ ጥበቃ፣ እያለ ይቀጥላል። በሪፖርቱ ላይ ተሳትፎው መቶ በመቶ ነው። ተማሪዎችን ስናነጋግር ግን ብዙዎቹ የየትኛው ክበብ አባል እንደሆኑ አያውቁም ነበር።

ከሁሉም ይበልጥ ጉዳት ያደረሰው የስብሰባው ቀን ነበር። ክበባት የሚሰበሰቡት ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው። የሳምንቱ ሥራ ያለቀበት ቀን ስለሆነ ለመምህራን የሚመች መስሎ ነበር የተመረጠው። የገጠር ተማሪዎች ግን በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ናቸው። በመሆኑም በክበብ የሚገኙት፣ ለአመራር የሚመረጡት፣ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ የሚታዩት የከተማ ልጆች ብቻ ሆኑ። መምህራን «የገጠር ልጆች ዓይን አፋር ናቸው፣ መሳተፍ አይወዱም» ሲሉ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በኋላ በተደረገ ውይይት ላይ «ቲቸር፣ ዓርብ እኮ ስንቅ ልናመጣ የምንሄድበት ቀን ነው» ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር የመለሰችው ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ ይበልጥ እውነት ነበር።

ክበባቱ የተዘጉበት ጊዜ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። ውጤቱ በትምህርት ቤቱ ላይ ያሳደረው ድንጋጤ ከባድ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጋር ተመካክረው፣ ከትምህርት ውጪ ያለ ጊዜ ሁሉ ለማጠናከሪያ ትምህርት እንዲውልና የክበባት እንቅስቃሴ እንዲቆም ወሰኑ። ውሳኔው የሚጠበቅ ነበር፤ ማንም አልተቃወመውም። በወረቀት ላይ ያሉ ክበባትን መዝጋት የሚያጎድለው ነገር ስለሌለ ተቃውሞ አለመኖሩ ራሱ የሚናገረው ነገር ነበር።

የጎደለው የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። ከ14ቱ ክበባት በእውነት ሥራ የነበራቸው ሁለቱ፣ ማለትም ሚኒ ሚዲያውና የቀይ መስቀል ክበቡ ሲቆሙ፣ ማስታወቂያ ለተማሪ የሚደርስበት መንገድ ጠፋ፤ በግቢው ውስጥ የሚወድቅን ወይም የሚጎዳን ተማሪ አንሥቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስም ቋሚ ተጠሪ ታጣ። ማጠናከሪያ ትምህርቱም የታሰበውን ያህል አልሄደም። ከፈረቃ ውጪ የሚሰጥ ስለነበር ተመላላሾቹ የገጠር ተማሪዎች ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት መምጣት አልቻሉም። ክበቡን የጎዳው የጊዜ ችግር ማጠናከሪያውንም ጎዳው ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የተገለጸው አገራዊ ውጤት ደግሞ 3.2 በመቶ አካባቢ ነበር። ክበባትን መዝጋት ለፈተና ውጤት መፍትሔ ነው የሚለው ተስፋ በዚህ ተዳከመ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በዚሁ ዓመት መጀመሪያ በዝውውር የመጡ ምክትል ርዕሰ መምህርት የተጓዳኝ ትምህርት ኃላፊነት ተሰጣቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው ክበብ መክፈት አልነበረም። ከየክፍሉ አለቆችና ከተወሰኑ ተማሪዎች ስም ሳይጻፍበት በወረቀት እንዲመልሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ በዚህ ግቢ ውስጥ የማይሠራ፣ እናንተ ግን ልትሠሩት የምትችሉት ነገር ምንድን ነው? የትኛው ክበብ ይከፈት ብለው አለመጠየቃቸው ትልቅ ማስተዋል ነበር፤ እንደዚያ ቢጠይቁ ኖሮ ተማሪው የሚያውቀውን የክበብ ስም ዝርዝር መልሶ ይጽፍላቸው ነበር።

መልሶቹ ተግባራዊ ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱ ከፈረቃችን ውጪ ዝግ ነው። የወር አበባ ሲመጣ የምንገባበት ቦታ ስለሌለ ወደ ቤት እንሄዳለን። የተከልናቸውን ችግኞች ከብት ጨረሳቸው። የላቦራቶሪ ዕቃ በሳጥን እንዳለ ነው፤ አይተነው አናውቅም። የፈተና ቀን ሲቀየር የምንሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚህ በመነሣት በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት 5 ክበባት ብቻ ተከፈቱ፦ ሚኒ ሚዲያ፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የሴት ተማሪዎች፣ የጤናና አካባቢ፣ እንዲሁም የሳይንስ። እያንዳንዱ ክበብ በስሙ የሚጠየቅበት አንድ ቋሚ ሥራ ተሰጠው። የወረዳው የሪፖርት ቅጽ የቀድሞዎቹን ክበባት በስም ስለሚጠይቅ የተቀሩት ንዑስ ክፍል ሆነው በአምስቱ ሥር ተያዙ፤ ለምሳሌ ፀረ ኤድስና ቀይ መስቀል በጤናና አካባቢ ክበብ ሥር፣ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና በሚኒ ሚዲያ ሥር ሆኑ። ይህን አሠራር አንዳንድ የሥራ ባልደረቦች ማድበስበስ ነው ብለው ነቅፈውታል። እኔ አልስማማም። ቀደም ሲል በቅጹ ላይ 14 ስም ሞልቶ ሥራው አልነበረም፤ አሁን ግን ለእያንዳንዱ ስም የሚጠቀስ ሥራ ነበረ።

አባልነት በፈቃድ ሆነ። ተማሪ ሁሉ አባል ይሁን የሚለው ቀርቶ፣ ከየክፍሉ ሥራውን የፈለጉ ተመዘገቡ። ቁጥሩ ከቀድሞው በብዙ አነሰ፤ ርዕሰ መምህሩም በዚህ ረገድ ሥጋት ነበራቸው። ምክትሏ ግን በአባላት ብዛት ምትክ የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ብዛት በሪፖርቱ እንዲካተት አስፈቀዱ።

ስብሰባው ከዓርብ ወደ ረቡዕ ተዛወረ፤ በፈረቃው ውስጥም ገባ። ረቡዕ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 5 ደቂቃ ተቀንሶ በተገኘው 30 ደቂቃ ክበባት በየፈረቃቸው እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ይህ ሁለት ጥቅም ነበረው። አንደኛ፣ ተመላላሹም ተከራዩም ተማሪ ለክበብ ብሎ የሚያጠፋው ተጨማሪ ሰዓት አልነበረም። ሁለተኛ፣ መምህሩም የሥራ ሰዓቱ ስለሆነ በግቢው ውስጥ ነበር።

ሆኖም ፈረቃው ሌላ ችግር ይዞ መጣ። ሥራውን የሚያውቁት የ11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሥራውን ወደፊት የሚረከቡት ደግሞ የ9ኛና 10ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ እነዚህ ሁለት ወገኖች ግን በትምህርት ቀን በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው አይገኙም። የአንድ ክበብ ሁለት ክንፎች ሳይተዋወቁ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። የተገኘው መፍትሔ ከ6:15 እስከ 6:30 ያለችው የፈረቃ መለዋወጫ ጊዜ ነች። በዚህች 15 ደቂቃ የጧቱ ወጪና የከሰዓቱ ገቢ በግቢው ይገናኛሉ። በየቀኑ ተረኛ የሆኑ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ሥራቸውን በዚህ ሰዓት ይረካከባሉ፤ ርክክቡም በአንድ ደብተር ላይ ይጻፋል።

የርክክብ ደብተሩ በመልክ ተራ ደብተር ነው፤ ይዘቱ ግን ከቃለ ጉባኤው ፈጽሞ የተለየ ነው። በጤናና አካባቢ ክበብ ደብተር አንድ ገጽ ላይ «ከበሩ በስተቀኝ ያሉት የመጀመሪያው ረድፍ ችግኞች ዛሬ ጠጥተዋል፤ የኋላው ረድፍ ይቀራል። የቧንቧው መዝጊያ ስለሚያፈስ ጀሪካን ሥሩ ሳታስቀምጡ አትሂዱ። በአጥሩ ሰሜን በኩል እሾሁ ተነሥቷል፣ ጥጃ ገብቶ ነበር» የሚል ይነበባል። ከሥር የተረካቢው ፊርማ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም አለ።

ለክበብ ተጠሪ መምህራን ምን ይደረግላቸው የሚለው ጥያቄ አስቸጋሪ ነበር። የማስተማር ጭነታቸውን ለመቀነስ ትምህርት ቤቱ መምህር አልነበረውም፤ የሚከፈል አበልም የለም። በትምህርት ቤቱ ሥልጣን ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክበብ ተጠሪዎች ከሳምንታዊ የተረኛነት ሥራ፣ ማለትም በር ላይ ቆሞ አርፋጅ ከመቆጣጠርና ግቢ ከመዞር ነፃ ሆኑ።

የተሳካው

ጎልቶ የታየው ውጤት በቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ከዚህ በፊት ያለው አንድ ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ ፈረቃ ክፍት፣ በሌላው ዝግ ነበር። ሠራተኛው መጻሕፍቱን በስማቸው ፈርመው የተረከቡ ንብረት ያዥ ስለሆኑ፣ መጽሐፍ ቢጠፋ ከደመወዛቸው ይቆረጣል በሚል ሥጋት ለተማሪዎች ኃላፊነት ለመስጠት ፈቃደኛ አልነበሩም። ሥጋታቸው ተገቢ ነበር፤ የተያዘውም እንደ ተገቢ ሥጋት ነው። እርሳቸው በሌሉበት ፈረቃ መጽሐፍ ወደ ውጪ እንዳይወጣ፣ አንባቢው መታወቂያውን አስይዞ በአዳራሹ ውስጥ ብቻ እንዲያነብ፣ የሚወጣው የመማሪያና የማጣቀሻ መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ ተለይቶ በቁጥር ለክበቡ ተረኛ እንዲሰጥ፣ የተቀሩት መደርደሪያዎች ተቆልፈው ቁልፉ በእርሳቸው እጅ እንዲቆይ ስምምነት ተደረገ። ተጠሪ መምህሩም የስምምነቱ ፈራሚ ሆኑ። በዚህ ሁኔታ ቤተ መጻሕፍቱ በሁለቱም ፈረቃ ተከፈተ። በብዛት የገቡት ቤት ተከራይተው የሚማሩ ተማሪዎች ናቸው፤ ሦስት ሆነው በሚኖሩባት ክፍል ውስጥ ቀንም ሆነ ማታ ማንበብ ስለሚቸግራቸው።

ሚኒ ሚዲያው ቀድሞ በእረፍት ሰዓት ዘፈን ያጫውት ነበር። አሁን የፈረቃ መለዋወጫዋ ጊዜ መላው ትምህርት ቤት በአንድነት የሚሰማባት ብቸኛ ሰዓት መሆኗን ተረድቶ፣ አጭር ዜና፣ የፈተናና የስብሰባ ማስታወቂያ፣ የጠፋና የተገኘ ዕቃ፣ እንዲሁም በቀን አንድ ጥያቄ ከአንድ የትምህርት ዓይነት ማቅረብ ጀመረ። የጥያቄው መልስ የሚነገረው በማግሥቱ ነው። ጥያቄውን የሚያወጣው የሳይንስ ክበቡና በፈቃደኝነት የተባበሩ መምህራን ስለነበሩ፣ ክበብ የትምህርት ተቀናቃኝ ነው ይሉ የነበሩ መምህራን ጭምር ወደ ሥራው ገቡ። አንድ የሒሳብ መምህር ጥያቄው ሲነበብ በአጥሩ ሥር ቆመው በመሬት ላይ በእንጨት የሚያሰሉ ተማሪዎችን ካዩ በኋላ ለወሩ የሚሆን ጥያቄ አዘጋጅተው ለክበቡ ሰጥተዋል።

የሴት ተማሪዎች ክበብ ያገለገለበት ክፍል ቀድሞ የተሰበረ ወንበር ይከማችበት የነበረ ነው። ክፍሉ ጸድቶ ውኃ፣ ሳሙና፣ የንጽሕና መጠበቂያና አንድ ፍራሽ ገባበት። ወጪው የተሸፈነው ከትምህርት ቤቱ የድጎማ በጀት ነው። በወተመህ ስብሰባ ላይ አንዳንድ አባቶች ነገሩ በአደባባይ መነሣቱ አልጣማቸውም ነበር፤ ክርክሩን የፈቱት ግን በኅብረቱ ያሉ ሁለት እናቶች ናቸው። ልጆቻቸው በየወሩ ስንት ቀን ከትምህርት እንደሚቀሩ ሲናገሩ ጉዳዩ የበጀት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቀረ። ክበቡ የገባውንና የወጣውን ዕቃ በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፉ ቀጣዩን ድጋፍ አቅልሎለታል።

ስለ ችግኞቹም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በአገራችን የችግኝ ተከላ የሚካሄደው በክረምት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ተማሪ ደግሞ በዚያ ጊዜ በዕረፍት ላይ ነው። ስለዚህ ተማሪው ለተከላው ቀን ተጠርቶ ይመጣል፤ ችግኙ ጥበቃ በሚያስፈልገው የበጋ ወራት ግን ትምህርት ቤት ውስጥ እያለ የሚጠይቀው የለም። ክበቡ አዲስ ችግኝ መትከሉን ለጊዜው ትቶ ያሉትን ማጠርና ከኅዳር እስከ መጋቢት ውኃ ማጠጣትን ሥራው አደረገ። ለሪፖርት የማይመች፣ ለዛፉ ግን የሚበጅ ምርጫ ነበር።

ያልተሳካው

የሳይንስ ክበብ ቋሚ ሥራ የላቦራቶሪ ዕቃዎችን ለይቶ መመዝገብና ቀላል ሙከራዎችን ለተማሪ ማሳየት ነበር። ሳጥኖቹ ሲከፈቱ ከኬሚካሎቹ ብዙዎቹ የአገልግሎት ጊዜያቸው ያለፈ፣ የአንዳንዶቹም ስያሜ የጠፋ ሆኖ ተገኘ። ያልታወቀ ኬሚካል በተማሪ እጅ ማስነካት አደገኛ ስለሆነ ሥራው ወዲያው እንዲቆም ተደረገ፤ ውሳኔውም ትክክል ነበር። ማስወገጃ ለማግኘት ለወረዳው የተጻፈው ደብዳቤ ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ መልስ አላገኘም። ክበቡ ከዚያ በኋላ የሠራው ጥያቄ ማውጣት ብቻ ነው።

የረቡዕ ማሳጠርም ያለ ቅሬታ አላለፈም። 35 ደቂቃ አዲስ ትምህርት ለማስተማር አይበቃም ያሉ መምህራን፣ በተለይ የፊዚክስና የኬሚስትሪ፣ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። በመጨረሻ ስብሰባው በየሁለት ሳምንቱ እንዲሆን ተወሰነ። ነገሩ እንደ ሽንፈት ቢታይም ክበባቱን አልጎዳቸውም፤ ሥራቸው የዕለት ተረኝነት ስለሆነ ለስብሰባ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ ጥቂት ነበር። የየሳምንቱ ስብሰባ የሚያስፈልገው ከስብሰባ ሌላ ሥራ ለሌለው ክበብ መሆኑን ከዚህ ተገንዝበናል።

የአመራር ምርጫው ደግሞ የታሰበውን ለውጥ አላመጣም። የስብሰባው ቀን ቢለወጥም በ2016 ዓ.ም. የተመረጡት ሊቀመንበሮች ከሞላ ጎደል የከተማ ልጆች ነበሩ፤ በመድረክ መናገር የለመዱ፣ በመምህራንም የሚታወቁ በመሆናቸው። በ2017 ዓ.ም. ምርጫው ቀርቶ በተረኝነት ሥራቸውን በትጋት የተወጡ ተማሪዎች ከርክክብ ደብተሩ እየታዩ ለኃላፊነት ሲታጩ የገጠር ተማሪዎች ቁጥር ጨመረ። ይሁን እንጂ ምርጫን ማስቀረት ራሱን የቻለ ጉዳት አለው፤ ተማሪ መምረጥና መመረጥን የሚለማመድበት ቦታ አንዱ ክበብ ነውና። ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤቱ ውስጥ እስካሁን ያከራክራል።

የመምህራኑ ማትጊያ የሠራው በከፊል ነው። ከተረኛነት ነፃ መሆን አንዳንዶቹን ቢያበረታታም፣ ተረኛነቱ የበዛባቸው ሌሎች መምህራን አጉረመረሙ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የጤናና አካባቢ ክበብ ተጠሪ በዝውውር ሲሄዱ ቦታው ለወራት ክፍት ሆኖ ቆየ። ክበቡ ያልፈረሰው የ10ኛ ክፍል ተረኞቹ ደብተሩን ይዘው ስለቀጠሉ ነው፤ ያም ቢሆን ውኃ ከማጠጣት በቀር ሌላው ሥራ ቆሞ ነበር።

በክበባቱ ምክንያት የ12ኛ ክፍል ውጤት ተሻሽሏል የሚል መደምደሚያ ከዚህ ጉዳይ ሊወጣ አይችልም። በፈተና ውጤት ላይ የሚሠሩት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ቤተ መጻሕፍት መከፈቱን ብቻ ነጥሎ መመዘን አይቻልም። ክበባቱ ለጥናት የሚሆነውን ጊዜ አልሻሙም ማለት ግን ይቻላል፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ከተረኝነት እንዲወጡና ኃላፊነቱ በ11ኛ ክፍል እንዲያዝ መደረጉ ይህን አረጋግጧል።

ለሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚሆን ትምህርት

ከሁሉ በፊት የማስቀድመው የጊዜን ነገር ነው። ተሳትፎ አነስተኛ ሲሆን ተማሪውን ከመውቀስ በፊት ስብሰባው የሚደረግበት ቀንና ሰዓት ከተማሪው ኑሮ ጋር ይገጥም እንደሆነ መመርመር ይገባል። በሌላ ወረዳ ያለው እንቅፋት ስንቅ ላይሆን ይችላል፤ የገበያ ቀን፣ የውኃ ወረፋ፣ የመኸር ሥራ ወይም የሴት ልጆች የቤት ውስጥ ሥራ ሊሆን ይችላል። የማይመጣው ማን ነው፣ በዚያ ሰዓትስ የት ነው ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያገኙ ክበብ ማጠናከር ያለውን ተማሪ ደግሞ ማጠናከር ብቻ ይሆናል፤ ርቆ ያለውን ይበልጥ ያርቀዋል።

ሁለተኛው የክበቡን ሥራ ይመለከታል። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ብቻውን የክበብ ሥራ ሊሆን አይችልም፤ መቼ እንደተሠራና መቼ እንዳልተሠራ የሚለይበት መንገድ የለምና። ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬ ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም? ክፍሉ ውስጥ ሳሙና አለ ወይስ የለም? እንዲህ ተብሎ ሊጠየቅ የሚችል ሥራ ያለው ክበብ ተቆጣጣሪ ባይመጣም ተጠቃሚው ራሱ ይቆጣጠረዋል። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ቀን ባይከፈት በር ላይ የቆሙት ተማሪዎች ለምን ብለው ይጠይቃሉ፤ የክበቡን ዕቅድ ያላነበቡ ቢሆኑም።

ርክክብን በተመለከተ፣ ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ እንደሚወጣ፣ መምህርም በዝውውር እንደሚሄድ የታወቀ ስለሆነ፣ ክበብ ሲቋቋም ጀምሮ በእነርሱ መሄድ ላይ ተመሥርቶ መታቀድ አለበት። የርክክብ ደብተር ርካሽና ቀላል ነው፤ በፈረቃ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች የፈረቃ መለዋወጫ ሰዓታቸውን ለዚህ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በአንድ ፈረቃ ብቻ የሚሠሩት ደግሞ ታላላቆቹና ታናናሾቹ አብረው ስለሚውሉ ሥራው ይበልጥ ይቀላቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ተረኛ ከታች ክፍል አንድ ጥንድ መመደብ በቂ ነው።

የክበብ ተጠሪ መምህራን ጉዳይ ግን በትምህርት ቤት ደረጃ የሚፈታ አይደለም። ተረኛነትን ማስቀረት የአንዱን ሸክም ወደ ሌላው ማሸጋገር ነው። ተጓዳኝ ትምህርት የትምህርት አካል ነው ከተባለ፣ የክበብ ተጠሪነት በሳምንታዊ የክፍለ ጊዜ ጭነት ውስጥ ተቆጥሮ መያዝ ይኖርበታል፤ ይህን መወሰን የሚችለው ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው አካል ነው። የሪፖርት ቅጹም እንዲሁ። በጉድኝት ማዕከላችን ባለፈው ዓመት የክበብ መከታተያ ቅጻችን ላይ የአባላት ብዛት የሚጠየቅበትን ረድፍ ትተን፣ ክበቡ በዚህ ወር የሠራው ሥራ ምንድን ነው፣ ማን ተጠቀመበት፣ የሚታየውስ የት ነው የሚሉ ሦስት ጥያቄዎችን አስገብተናል። ቅጹን የሚሞላው ተጠሪ መምህሩ ሳይሆን ከአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች መካከል በጉብኝቱ ዕለት የሚገኙ ተማሪዎች ናቸው፤ በሌሎቹ የጉድኝታችን ትምህርት ቤቶችም በዚሁ መንገድ መሙላት ተጀምሯል።